ድኻና ሀብታም በሞት መዝገብ፦ የኑሮ ልዩነት በጤና ላይ ያለው ጫና ሲለካ የኖረበት ታሪክ

ድኻ ከሀብታም ይልቅ በብዛት እንደሚታመምና ዕድሜውም እንደሚያጥር ለማወቅ የስታቲስቲክስ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ቀባሪው፣ አዋላጇና የሰፈሩ ቄስ ከማንም ቀድመው ያውቁታል። አስቸጋሪው ነገር ልዩነቱ ምን ያህል እንደ ሆነ በቁጥር መናገር፣ ከዚያም አልፎ ዘንድሮ ከአምናው ሰፍቶ ወይም ጠብቦ እንደ ሆነ በማያሻማ መንገድ ማረጋገጥ ነው። ይህን ለማድረግ ሁለት ነገሮች መጣመር ይኖርባቸዋል፤ አንደኛው የጤና ወይም የሞት መዝገብ፣ ሁለተኛው ደግሞ የሰውን የኑሮ ደረጃ የሚያመለክት ምልክት ነው። ከሁለቱ ይበልጥ ያስቸገረው ሁለተኛው ነው። ሰው ገቢውን ለቆጣሪ በቀላሉ አይናገርም፤ ቢናገርም ትክክለኛውን ለመናገሩ ዋስትና የለም። ስለዚህ ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት በዚህ ሥራ የተሰማሩ ሊቃውንት ለሌላ ጉዳይ የተጻፈ ወይም በቀላሉ የሚታይ ምልክት እየተዋሱ ኖረዋል፤ በፓሪስ የግብር መዝገብን፣ በእንግሊዝ አገር የሥራ ዓይነትን፣ በኢትዮጵያ ደግሞ የቤት ወለልንና የቤት ዕቃን። እያንዳንዱ ምልክት አንድ ነገር ሲያሳይ ሌላውን ሸሽጓል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ይበልጥ የሚታወሰው በፈረንሳይ ዋና ከተማ የተደረገው ነው። ሉዊ ረኔ ቪሌርሜ በ1782 ተወልደው በናፖሌዎን ሠራዊት ውስጥ በቀዶ ሐኪምነት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሕክምናውን ትተው ጊዜያቸውን ለምርምር አዋሉ። በዚያን ጊዜ የሴን ክፍለ ሀገር ገዥ የነበሩት ሻብሮል ስለ ፓሪስ ከተማ የተሰበሰበውን አኃዝ ከ1821 ጀምሮ ያሳትሙ ስለ ነበር፣ ከ1817 እስከ 1821 ባለው ጊዜ በከተማዪቱ 12 ወረዳዎች የሞተው ሰው ብዛት በቪሌርሜ እጅ ገባ። ወረዳዎቹ በሞት መጠን እኩል አልነበሩም። ምክንያቱ ምን ይሆን?

የጊዜው ሐኪሞች መልሱን ከሂፖክራቲስ ዘመን ጀምሮ የሚያውቁት ይመስላቸው ነበር፤ አየሩ፣ ውሃውና የቦታው አቀማመጥ ነው ይሉ ነበር። ቪሌርሜ ይህን እምነት በንቀት አላለፉትም። እያንዳንዱን ግምት በተራ በተራ እያነሡ ከሞቱ መጠን ጋር አስተያዩት። ወረዳው ለሴን ወንዝ ያለው ቅርበት፣ የመሬቱ ከፍታ፣ የነፋሱ አቅጣጫ፣ የመንገዱ ጥበት፣ የነዋሪው ጥግግት ሁሉ ተመረመረ፤ አንዱም ከሞቱ ቅደም ተከተል ጋር አልገጠመም። በመጨረሻ ወደ ግብር መዝገብ ዞሩ። በፓሪስ ኪራዩ እጅግ ዝቅተኛ የሆነ ቤት ከግብር ነፃ ይደረግ ስለ ነበር፣ በአንድ ወረዳ ከግብር ነፃ የሆኑት ኪራዮች ድርሻ የድኽነቱ ልክ ሆኖ ሊያገለግል ቻለ። ወረዳዎቹ በዚህ ልክ ሲደረደሩ የሞታቸው ተራም ከሞላ ጎደል አብሮ ተደረደረ። ከኪራዮቹ 7 ከመቶው ብቻ ከግብር ነፃ በሆኑበት በ2ኛው ወረዳ በቤቱ የሚሞተው ሰው በዓመት ከ62 አንድ ሲሆን፣ 38 ከመቶው ነፃ በሆኑበት በ12ኛው ወረዳ ግን ከ43 አንድ ነበር።

«በቤቱ» የምትለው ቃል ያለ ምክንያት አልገባችም። በዚያ ዘመን ወደ ሆስፒታል የሚሄደው የሚያስታምመው ያጣ ድኻ ነበር። በሆስፒታል የሞተው ሁሉ ሆስፒታሉ በሚገኝበት ወረዳ ቢቆጠር ያ ወረዳ ያለ ጥፋቱ የሞት ሰፈር ሆኖ ይታያል፤ ከቆጠራው ቢወጣ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የድኾች ሞት ይጎድላል። እንግዲህ ከ62 እና ከ43 አንድ የተባለው ልዩነት ከእውነተኛው ልዩነት ያነሰ መሆን አለበት ማለት ነው። ሌላም እንከን ነበረው። የተለካው ወረዳ እንጂ ሰው አልነበረም። በሀብታም ወረዳ ውስጥ በጣሪያ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል የሚያድር አገልጋይ ከጌታው ጋር በአንድ ቁጥር ተጠቅልሏል። ይህም ሆኖ የቪሌርሜ ሥራ ኃይሉ በአሠራሩ ላይ ነው፤ መልሱን ይዘው ቁጥር ፍለጋ አልሄዱም፤ የተለመዱትን መልሶች አንድ በአንድ ካሰናበቱ በኋላ የቀረውን ተቀበሉ።

ቁጥሩ ግን ትርጓሜውን ይዞ አልመጣም። ቪሌርሜ በ1840 ስለ ጥጥ፣ ስለ ሱፍና ስለ ሐር ፋብሪካ ሠራተኞች ባሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ የሕፃናቱን ድካም ሲገልጹ አንባቢን ያሳዝናሉ፤ በ1841 ከ8 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በፋብሪካ እንዳይሠሩ ለከለከለው የፈረንሳይ ሕግም መጽሐፋቸው አንዱ ምክንያት ሆኗል። በዚያው መጽሐፍ ግን የሠራተኛውን መጠጥና አባካኝነት ከችግሩ ምንጮች ይቆጥራሉ። ሚዛኑን የሠራው ሳይንቲስቱ ሲሆን፣ ሚዛኑን ያነበበው የዘመኑ ባለጸጋ መደብ ዓይን ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በእንግሊዝ አገር ጉዳዩ የወሰደው መንገድ ሌላ ነው። ልደትና ሞት በመንግሥት መዝገብ መጻፍ የተጀመረው በ1837 ሲሆን፣ በመዝገቡ ላይ የሟቹ የሥራ ዓይነት ይሰፍር ነበር። የድኾች ርዳታ ኮሚሽን ጸሐፊ የነበሩት ኤድዊን ቻድዊክ በ1842 ስለ ሠራተኛው ሕዝብ የንጽሕና ሁኔታ ባቀረቡት ዘገባ በዚህ መረጃ ተጠቅመው የሟቾችን አማካይ ዕድሜ በኑሮ ደረጃ ከፋፍለው አሳዩ። በሊቨርፑል ከተማ የባለጸጎችና የባለሙያዎች አማካይ የሞት ዕድሜ 35፣ የነጋዴዎች 22፣ የቀን ሠራተኞች ደግሞ 15 ዓመት ሆኖ ተገኘ። በገጠሩ በራትላንድ ግን ቁጥሮቹ 52፣ 41 እና 38 ነበሩ። የራትላንድ የገበሬ ሠራተኛ ከሊቨርፑል ባለጸጋ በ3 ዓመት ይበልጣል ማለት ነው። ቻድዊክ ከዚህ የወሰዱት ትምህርት ገዳዩ ድኽነት ሳይሆን የከተማ ቆሻሻ ነው የሚል ነበር፤ ደመወዝ ከመጨመር ይልቅ የቆሻሻ ውሃ መውረጃ ቦይ መቅበር ይሻላል የሚለው ክርክራቸውም በ1848 ለወጣው የሕዝብ ጤና ሕግ መሠረት ሆነ።

ቦዩ በርግጥ ሕይወት አድኗል። መለኪያው ግን የተሳሳተ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1844 የኢንሹራንስ ሒሳብ ሊቅ የሆኑት ኔይሰን በለንደን የስታቲስቲክስ ማኅበር መጽሔት ላይ ጉድለቱን አጋለጡ። የሟቾች አማካይ ዕድሜ የሚወሰነው በሞት ብርታት ብቻ ሳይሆን በሕይወት ባሉት ሰዎች የዕድሜ ስብጥርም ነው። ልጅ በሚበዛበት ሰፈር የሚሞተውም አብዛኛው ልጅ ስለሚሆን አማካዩ ይወርዳል፤ ሽማግሌ በሚበዛበት ደግሞ ይወጣል። ወደ ሊቨርፑል የሚፈልሰው ወጣት ሠራተኛ ልጆች ወልዶ የሚኖር በመሆኑ ብቻ ቁጥሩን ወደ ታች ይጎትተዋል። ልዩነቱ ሐሰት አልነበረም፤ መጠኑ ግን የተጋነነ ነበር። ከ1839 ጀምሮ በመዝገብ ቤቱ የሠሩት ዊልያም ፋር በየዕድሜው የሚሞተውን በየዕድሜው ከሚኖረው ጋር የሚያካፍል ሠንጠረዥ ይሠሩ ስለ ነበር፣ ትክክለኛው መንገድ የቱ እንደ ሆነ በሙያው ክበብ ይታወቅ ነበር። ዳሩ ግን የጋዜጣ አንባቢ የሚያስታውሰው «15 ዓመት» የሚለውን እንጂ ሠንጠረዡን አልነበረም። ቀላልና አስደንጋጭ ቁጥር ከትክክለኛውና ከውስብስቡ ቀድሞ መሮጡ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያለ ነገር ነው።

የሥራ ዓይነትን ወደ መደብ የለወጡት የዚያው መዝገብ ቤት ሐኪም ቲ.ኤች.ሲ. ስቲቨንሰን ናቸው። የ1911ዱን የሕዝብ ቆጠራ ሲያጠኑ ሕዝቡን ከባለሙያዎችና ከባለጸጎች ጀምሮ እስከ ሙያ አልባው የቀን ሠራተኛ ድረስ በአምስት ደረጃ ከፈሉት፤ ለጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች፣ ለማዕድን ቆፋሪዎችና ለእርሻ ሠራተኞች ደግሞ የየራሳቸውን ቦታ ሰጧቸው። በዚያ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ ከተወለዱት ከአንድ ሺህ ሕፃናት መካከል ዓመት ሳይሞላቸው የሞቱት በአንደኛው መደብ 76 ገደማ፣ በአምስተኛው መደብ 153 ገደማ ነበሩ። በመካከል ያሉትም በየደረጃቸው ተሰልፈው ተገኙ። ከመስመሩ የወጡት ሁለቱ ናቸው። ከቀን ሠራተኛ የተሻለ ደመወዝ የሚያገኘው የማዕድን ቆፋሪ ልጆች በሺህ 160 ሲሞቱ፣ በአገሩ ከሁሉ ዝቅተኛ ደመወዝ ከሚከፈላቸው ወገኖች አንዱ የሆነው የእርሻ ሠራተኛ ልጆች ግን በሺህ 97 ብቻ ሞቱ። ገንዘብ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነም ነበር። አየር፣ ወተት፣ የቤት ስፋትና የሰፈር ሁኔታ ከደመወዙ ጋር የማይሄዱበት ጊዜ አለ።

ስቲቨንሰን ይህ አልተሰወራቸውም። በ1928 ስለ ሀብትና ድኽነት የሞት አኃዝ ለንጉሣዊው የስታቲስቲክስ ማኅበር ባቀረቡት ጽሑፍ ሥራን መለኪያ ያደረጉት በገቢ ምትክ ብቻ እንዳልሆነ ተከራከሩ፤ ዕድሜን የሚያረዝመው ከገንዘቡ ይልቅ ከገንዘቡ ጋር አብሮ የሚገኘው ዕውቀትና የንጽሕና ልማድ ነው አሉ። ይህ ክርክር ዛሬም አልተዘጋም። ከዚህ ጋር አንድ ቀላል እውነት መታወስ አለበት፤ የእንግሊዝ የሕዝብ ቆጠራ እስከ 2021 ድረስ ሰውን ገቢው ስንት እንደ ሆነ ጠይቆ አያውቅም። ስለዚህ የአገሪቱ የጤና ልዩነት ታሪክ ከሞላ ጎደል የሥራ ዓይነት ታሪክ ሆኖ ቀረ፤ የሚስት መደብ በባልዋ ሥራ፣ የልጅም በአባቱ ሥራ ይወሰን ነበርና ሥራ የሌለው፣ ባል የሌላትና አባቱ ያልታወቀው ከሠንጠረዡ ጠርዝ ላይ ወደቁ።

የመደብ ሠንጠረዡ ከሁሉ ይበልጥ የፖለቲካ መነጋገሪያ የሆነው በ1980 ነው። ነፃ የሕክምና አገልግሎት በብሪታንያ ከተቋቋመበት ከ1948 ጀምሮ ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል የሚል እምነት ነበር። በ1977 የሠራተኛው ፓርቲ መንግሥት የጤና ሚኒስትር ዴቪድ ኤናልስ ሁኔታውን እንዲያጠና በሰር ዳግላስ ብላክ የሚመራ ቡድን አቋቋሙ፤ አባላቱም ጄሪ ሞሪስ፣ ፒተር ታውንሰንድና ሲሪል ስሚዝ ነበሩ። ያገኙት ተስፋ የሚያስቆርጥ ነበር። በ1970ዎቹ መግቢያ በአምስተኛው መደብ የሚገኝ ሰው ጡረታ ዕድሜው ሳይደርስ የመሞት ዕድሉ ከአንደኛው መደብ ሰው ሁለት ተኩል እጥፍ ነበር፤ ልዩነቱም አልጠበበም። ዘገባው ሲጠናቀቅ መንግሥት ተለውጦ ነበር። አዲሱ ሚኒስትር ፓትሪክ ጄንኪን በመግቢያው ላይ የተጠየቀው ወጪ፣ በዓመት ከ2 ቢልዮን ፓውንድ በላይ፣ የማይታሰብ መሆኑን ጽፈው፣ በነሐሴ ወር የዕረፍት ቀን 260 የተባዙ ቅጂዎች ብቻ እንዲወጡ አደረጉ። ጥቂት ቅጂ ማውጣቱ ግን የተገላቢጦሽ ውጤት አመጣ፤ ዘገባው በ1982 በመጽሐፍ መልክ ታትሞ በብዙ እጅ ገባ፤ ብላክ የሚለው ስምም በሙያው ዓለም የጉዳዩ መጠሪያ ሆነ።

በዚያው ዘመን በለንደን የመንግሥት ሠራተኞች ላይ የተደረገው ጥናት የነገሩን መልክ ለወጠው። ከ1967 ጀምሮ የተመረመሩት 18,000 ገደማ የሚሆኑ ወንዶች ሁሉም ቋሚ ሥራና ደመወዝ ያላቸው፣ በአንድ ከተማ በቢሮ የሚሠሩ ነበሩ፤ በመካከላቸው የሚራብ አልነበረም። ሆኖም ማይክል ማርሞትና ባልደረቦቻቸው በ1978 እንዳስታወቁት፣ ከተላላኪዎቹ መደብ በልብ ሕመም የሚሞተው ከከፍተኛ ኃላፊዎቹ 3.6 እጥፍ ነበር፤ በመካከል ያሉት ጸሐፊዎችም እንደየደረጃቸው በመካከል ተሰለፉ። ሲጋራና የደም ግፊት ያብራሩት የልዩነቱን ከፊል ብቻ ነው። ጉዳዩ ገደል ሳይሆን መሰላል ነው፤ ድኻው በዚህ፣ ሌላው ሁሉ በዚያ የሚቆምበት አይደለም። ስለዚህ ከላይኛውና ከታችኛው ጫፍ አንዳንድ ቁጥር ወስዶ የሚያካፍል መለኪያ በመካከል ያሉትን ሚልዮኖች ይረሳል ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ ጫፎቹ ራሳቸው በአንድ ቦታ አይቆሙም። ፋብሪካው ሲዘምን ሙያ አልባው ሠራተኛ ቁጥሩ እየቀነሰ፣ ባለሙያው እየበዛ ሄደ። የአንድ ትውልድ አምስተኛ መደብ ብዙ ሕዝብ የያዘ ሲሆን፣ የሚቀጥለው ትውልድ አምስተኛ መደብ ጥቂቶች የቀሩበት ነው። እነዚህን ሁለት ቡድኖች ማወዳደር የተለያየ ስፋት ያላቸውን ሁለት ማሳዎች ምርት ሳይመትሩ ማወዳደር ነው። ሬይመንድ ኢልስሊን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ ይህን ጥያቄ አጥብቀው አነሡት፤ ልዩነቱ ሰፋ የሚባለው ምናልባት የመደቡ ስፋት ስለ ተለወጠ ይሆን? አንዳንዶቹም መደብን ጨርሰው ትተው የሰዎችን የሞት ዕድሜ ብቻ በመያዝ ምን ያህል እንደ ተበታተነ ለኩ። ይህ ግን ሌላ ስሕተት ነው፤ ዕድሜ መለያየቱን ይናገራል እንጂ አጭሩ ዕድሜ የማን እንደ ሆነ አይናገርም።

መውጫው የተገኘው ከምጣኔ ሀብት ጎራ ነው። አሜሪካዊው ማክስ ሎሬንዝ በ1905 የሀብት ክፍፍልን በአንድ ጎባጣ መስመር የሚያሳዩበትን ሥዕል አውጥተው ነበር፤ ጣልያናዊው ኮራዶ ጂኒ ደግሞ ከ1912 ጀምሮ ባሳተሟቸው ጽሑፎች ልዩነትን በአንድ ቁጥር የሚገልጽ ልክ ሰጡ፤ ይህም ከሎሬንዝ መስመር ጉብጠት ጋር የሚገጥም ነው። በ1991 አዳም ዋግስታፍ፣ ፒየሬላ ፓቺና ኤዲ ቫን ዶርስላር እስከዚያ ድረስ የተሠራባቸውን የጤና ልዩነት መለኪያዎች ሁሉ አሰልፈው ፈተሹ። ፈተናው ሦስት ነበር። መለኪያው የኑሮ ደረጃን ማንጸባረቅ፣ የሁለቱን ጫፎች ብቻ ሳይሆን የመላውን ሕዝብ ሁኔታ ማካተት፣ የመደቦች ስፋት ሲለወጥም ለውጡን መቀበል ይኖርበታል። የመደብ ንጽጽሩ በሁለተኛውና በሦስተኛው፣ የዕድሜ ሥርጭቱ በመጀመሪያው ወደቀ። ያለፉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ከነርሱም ይበልጥ የተስፋፋው የክምችት ልክ የሚባለው ነው።

አሠራሩ ሲታይ እንደሚፈራው አይደለም። ሕዝቡ ከፍጹም ድኻው ጀምሮ እስከ ባለጸጋው ድረስ በአንድ ረድፍ ይሰለፋል። ከዚያ ከረድፉ መጀመሪያ እየተነሡ የሚመረመረውን ነገር፣ ለምሳሌ የሕፃናትን ሞት፣ እየደመሩ ይሄዳሉ። የሕዝቡ የመጀመሪያ አምስተኛ እጅ የሞቱን አምስተኛ እጅ ከያዘ፣ ሁለት አምስተኛውም ሁለት አምስተኛ ከያዘ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ሰያፍ ይሆናል፤ ልዩነት የለም ማለት ነው። ሞቱ በድኾቹ ላይ ከበዛ መስመሩ ከሰያፉ በላይ ይጎብጣል። በመስመሩና በሰያፉ መካከል ያለው ስፋት በሁለት ሲባዛ ልኩ ይገኛል፤ ክፉው ነገር በድኾች ላይ ሲከማች ከዜሮ በታች፣ በሀብታሞች ላይ ሲከማች ከዜሮ በላይ ይጻፋል። ረድፉ እንጂ የገንዘቡ መጠን ስለማያስፈልግ፣ ማን ከማን ይበልጥ ድኻ እንደ ሆነ ማወቅ ብቻ ይበቃል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ልኩ የገቢ መዝገብ ወደሌላቸው አገሮች እንዲዘልቅ በር ከፈተለት። ዲዮን ፊልመርና ላንት ፕሪቸት በሕንድ አገር ጥናት ተነሥተው በ2001 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ቤተሰብ ያለውን ዕቃና የቤቱን ሁኔታ በመቁጠር ብቻ ሰውን በኑሮ ደረጃ መደርደር እንደሚቻል አሳዩ። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም የሀብት እርከን የሚወጣው በዚህ ዓይነት ዘዴ ነው። ጠያቂዋ ደመወዝ አትጠይቅም፤ የቤቱ ወለል አፈር ነው ወይስ ሲሚንቶ፣ ውሃው ከየት ይቀዳል፣ መጸዳጃ አለ ወይ፣ መብራት፣ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን አለ ወይ ትላለች። መልሶቹ በስሌት ክብደት ተሰጥቷቸው ሕዝቡ በአምስት እኩል እርከን ይከፈላል።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የተካሄደው በ2000 ሲሆን፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 ተከትለውታል። የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ገና በ2016 ስለ ሆነ፣ እነዚህ ጥናቶች የሞት መዝገብንም ተክተው ሠርተዋል። ውጤታቸው የሚያስደስት ነው። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ልጆች በ2000 ከሺህ 166 ነበሩ፤ በ2016 ወደ 67 ወረዱ። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሠራተኞች አሰልጥኖ መመደቡ በዚህ ውስጥ ድርሻ እንዳለው የሚጠራጠር የለም። ድኻውስ ከዚህ ምን ያህል ደረሰው?

በሠለጠነ ባለሙያ ርዳታ መውለድን እንደ ምሳሌ መውሰድ ይጠቅማል። በአገሪቱ በጠቅላላ በ2005 ከመቶ 6፣ በ2016 ከመቶ 28 ደርሷል። በ2005 ከዝቅተኛው የሀብት እርከን ይህን ርዳታ ያገኘው ልደት ከመቶ 1 ገደማ፣ ከከፍተኛው እርከን 27 ገደማ ነበር። በ2016 ዝቅተኛው 11፣ ከፍተኛው 70 ሆነ። አንዱ ባለሙያ እነዚህን ቁጥሮች አካፍሎ፣ ሀብታሟ ከድኻዋ 27 እጥፍ ትበልጥ የነበረችው ዛሬ ከ6 እጥፍ ጥቂት ብቻ ትበልጣለች፤ ልዩነቱ በእጅጉ ጠቧል ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ሌላው ቀንሶ፣ ርቀቱ ከ26 ወደ 59 ሰፍቷል ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ርዳታውን ያገኙትን ትቶ ያላገኙትን ይቆጥራል፤ በ2005 ከድኾቹ 99፣ ከሀብታሞቹ 73 ያለ ባለሙያ ወልደዋል፤ በ2016 ከድኾቹ 89፣ ከሀብታሞቹ 30። በዚህ አቆጣጠር ክፍፍሉ ከአንድ ተኩል እጥፍ በታች የነበረው ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ አድጓል። እናቶቹ አንድ ናቸው፤ ጥናቱም አንድ ነው። ተለያይቶ የመጣው የቆጣሪው ጥያቄ ብቻ ነው።

የክምችት ልክም ቢሆን ከዚህ ወጥመድ አያድንም። ያገኙትን ሲለኩበትና ያላገኙትን ሲለኩበት የሚሰጠው ቁጥር መጠኑ አንድ አይደለም፤ ነገሩ ብርቅ በሆነ ጊዜ ልኩ ይበልጥ ሰፊ ልዩነት ሊያሳይ፣ እየተለመደ ሲሄድም በራሱ እየጠበበ ሊመጣ ይችላል። ዋግስታፍ ራሳቸው በ2005፣ ጊዶ ኤሬይገርስ ደግሞ በ2009 ማስተካከያ አቅርበዋል፤ የትኛው ይሻላል በሚለው ላይም ሊቃውንቱ ብዙ ተከራክረዋል። ለክርክሩ መልሱ ከሒሳብ ብቻ አይገኝም። ከመቶ አንዷ ብቻ ርዳታ ታገኝ በነበረበት እርከን አሥር እናቶች መጨመራቸው ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ? አንድ ነጠላ ቁጥር ይህን ሊወስን አይችልም፤ የአምስቱን እርከን ቁጥሮች አጠገቡ ሳያስቀምጥ ልኩን ብቻ የሚያቀርብ ዘገባ ደግሞ ፍርዱን ለአንባቢው ሳይነግር ጨርሶታል።

የረድፉም ነገር እንደዚሁ ነው። መብራትና ሲሚንቶ ወለል በሚቆጠርበት ሚዛን አብዛኛው የከተማ ነዋሪ በከፍተኛው እርከን ይገባል። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ክፍል ቤት ስምንት ሆኖ የሚያድር ቤተሰብ መብራትና የቧንቧ ውሃ ስላለው ብቻ፣ ብዙ ከብትና ሙሉ ጎተራ ካለው ገበሬ በላይ ሊሰለፍ ይችላል። ለዚህም ሲባል በኋለኞቹ ዓመታት ለከተማና ለገጠር የተለያየ ስሌት ተሠርቶ ሁለቱ እንዲገጣጠሙ ተደርጓል። ሆኖም «ከፍተኛ እርከን» የሚለው ስም በኢትዮጵያ ለብዙ ጊዜ ያመለከተው ሀብትን የሚያህል ለሆስፒታል መቅረብንም ነው። በእንግሊዝ የስቲቨንሰን የእርሻ ሠራተኛ ድኻ ሆኖ ልጆቹን ከከተማው ሠራተኛ ይበልጥ ያሳድግ ነበር፤ በኢትዮጵያ ገጠር ግን ድኽነቱና የመንገዱ ርቀት በአንድ ትከሻ ላይ ስለ ወደቁ፣ ምን ያህሉ ከኪስ፣ ምን ያህሉ ከርቀት እንደ መጣ ሠንጠረዡ ብቻውን አይለይም።

የሞተውን ልጅ የምትናገረው እናቱ ናት። ጠያቂዋ በዕድሜዋ የወለደቻቸውን በሙሉ፣ በሕይወት ያሉትንና የሞቱትን፣ በተራ ትጠይቃታለች፤ የልጆች ሞት መጠን ከዚህ ይሰላል። እናቱ የሞተችበት ልጅ የሚናገርለት የለውም። ከእናቱ ጋር የሞተው፣ በወሊድ ጊዜ ሞት በሚበዛበት ሰፈር የተወለደው፣ ከሌላው ይበልጥ ከቆጠራ የመቅረት ዕድል አለው። ጥናቱ የሚገባውም ወደ ቤት ነው፤ ጎዳና የሚያድረውን አያገኘውም። በ2005 ደግሞ በሶማሌ ክልል ናሙናው የተወሰደው ከሽኒሌ፣ ከጅጅጋና ከሊበን ዞኖች ብቻ ነበር። በቀሩት ዞኖች በዚያ ዓመት ያለ አዋላጅ የወለዱት እናቶች ከዝቅተኛው እርከን ውስጥ አልተቆጠሩም፤ ከአምስቱ እርከኖች በአንዱም ውስጥ የሉም።